ላሟን ማን ይተካልኛል?

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የያዘኝ፣ ማስተማሩን ከተውኩ በኋላም ያልለቀቀኝ አንድ አመል አለ፤ ነገሩን ከመመርመሬ በፊት ስሙን እመረምራለሁ። ሰሞኑን ስለ ባዮሎጂያዊ መሣሪያ የተጻፉ ጽሑፎች ሳገላብጥ ያው አመሌ ተነሣብኝ። ፈረንጆቹ አንትራክስ እያሉ የሚንቀጠቀጡለት በሽታ እኛ ዘንድ «አባ ሰንጋ» ይባላል። እንደ ባላባት የፈረስ ስም «አባ» ብለን ሰይመነዋል! ይባስ ብሎ የከብት ዘር ሲፈጅ የኖረውን ሪንደርፔስትን ያገራችን ሰው «ደስታ» ብሎ ጠርቶታል። የከብት ደስታ በሽታ! ቁልምጫው ከፍቅር የመነጨ አይመስለኝም። ክፉን ነገር በስሙ ከጠሩት ደጅ ይመጣል ብሎ የሚፈራ ሰው ያወጣው ስም ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ገና ከመስከረሙ ጥቃት ሳታገግም የአባ ሰንጋ ዱቄት የያዙ ደብዳቤዎች ለጋዜጠኞችና ለሴናተሮች ደረሱ። አምስት ሰዎች ሞቱ፤ 17 ታመሙ። ያች ታላቅ አገር የገዛ ፖስታ ሣጥኗን መክፈት ፈራች። መርማሪዎቹ ዓመታት ፈጅተው የደረሱበት ድምዳሜ ደግሞ ጉድ ነው። ላኪው ከዋሻ የወጣ አሸባሪ ሳይሆን በራሱ በአሜሪካ ጦር ቤተ ሙከራ የሚሠራ ሳይንቲስት ነበር አሉ።

«ታዲያ እኛን ምን አገባን? ለሰበታ ገበሬ ማን ፖስታ ይልካል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ማንም አይልክም። መላክም አያስፈልግም። የአባ ሰንጋ ተዋሲያን አፈር ውስጥ አሥርት ዓመታት ተኝቶ ይቆያል። ከብቱ ሲግጥ ይይዘዋል፤ የሞተውን ከብት የገፈፈ፣ የበለተና የበላ ሰው ደግሞ ከከብቱ ይወስደዋል። እነሱ ዘንድ በቁልፍ ላይ ቁልፍ የሚደረብበት ነገር እኛ ዘንድ ግጦሽ ላይ ነው ያለው።

ማንም ሳይተኩሰው አገር ያፈረሰ በሽታም አይተናል። በ1880 ዓ.ም. ግድም የኢጣሊያ ጦር ከውጭ ወደ ምፅዋ ካስገባቸው ከብቶች ጋር ሪንደርፔስት እንደገባ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ከአገሪቱ ከብት እስከ 90 በመቶ የሚሆነው እንዳለቀ ይገመታል። በሬው ሲያልቅ እርሻው ቆመ፤ እርሻው ሲቆም «ክፉ ቀን» የምንለው ረኃብ እስከ 1884 ዓ.ም. ሕዝቡን ፈጀ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት መቆፈራቸው የሚተረክልን የዚያን ጊዜ ነው። ያንን በሽታ ማንም በመሣሪያነት አላቀደውም። ቢታቀድስ ኖሮ ከዚህ የከፋ ምን ይሠራ ነበር?

ይህን የጦር ሰዎች አልሳቱትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካና ካናዳ ጠላት ሪንደርፔስትን ይለቅብናል ብለው ሰግተው፣ ግሮስ ኢል በምትባል የካናዳ ደሴት ላይ ክትባት ሲሠሩ ነበር። ደግነቱ በሽታው እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ታውጇል፤ ኢትዮጵያም ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብላ ነፃነቷ ተረጋግጦላታል። ቫይረሱን የያዙ ናሙናዎች ግን ዛሬም በጥቂት ፈቃድ ባላቸው ተቋማት ይጠበቃሉ። አንደኛው እዚሁ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል፣ ፓንቫክ ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ ዙሪያ ልመለስ። በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ፤ ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ የመዲናዋ በሮች ናቸው። ወተቱ በጄሪካን፣ ድርቆሹ በጭነት መኪና፣ ሰንጋው እየተነዳ በእነዚህ በሮች ይገባል። ሰበታ ውስጥ ደግሞ ለብዙ ዓመት ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ምርመራ ማዕከል ሲባል የኖረው፣ የዛሬው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለ። ከየአገሩ የተላከ የደምና የሕዋስ ናሙና ይመረመርበታል። በእኔ ግምት የአገር ድንበር ከሚጠበቅባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ግቢ ነው፤ ታንክ ስለሌለበት ብቻ ማንም ልብ አይለውም።

ግን ቤተ ሙከራው የሚያውቀው የደረሰውን ብቻ ነው። የማይደርሰውስ? አንድ ጊዜ ሱሉልታ ላይ ድርቆሽ የሚከምሩ አዛውንት አግኝቼ ወግ ጀመርን።

«አባባ፣ ላም ድንገት ስትሞትብዎ ለእንስሳት ሐኪሙ ይነግራሉ?» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «ነግሬውስ? መጥቶ ቅበራት ይለኛል። ሥጋዋም ቆዳዋም ለጉድጓድ! ለመሆኑ ጌታው፣ ላሟን ማን ይተካልኛል?»

መልስ አልነበረኝም። ስለ ባዮሎጂያዊ መሣሪያ ካነበብኩት ሁሉ ይልቅ ያቺ ጥያቄ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረች። ሆን ተብሎ የተለቀቀ በሽታና በራሱ ጊዜ የመጣ በሽታ መነሻቸው ላይ አይለያዩም። ሁለቱም የሚጀምሩት አንድ ላም ሞታ፣ አንድ እረኛ ግራ ሲገባው ነው። የመጀመሪያው የደኅንነት መረጃ ያለው በእረኛው እጅ ነው። እሱ የሚናገረው ደግሞ መናገሩ ካላከሰረው ነው። ካከሰረው ሬሳውን በለሊት ያርዳል፤ በማግስቱ ሥጋው የሆነ ሰፈር ቅርጫ ውስጥ ይገኛል።

ዝም የሚለው ድኻ ብቻ አይደለም፤ መንግሥታትም ዝም ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 ስቨርድሎቭስክ በተባለች የሶቪየት ከተማ ከአንድ ወታደራዊ ተቋም ያመለጠ አባ ሰንጋ ቢያንስ 66 ሰዎች ገደለ። «የተበከለ ሥጋ በልተው ነው» ተባለ። እውነቱን ፕሬዚዳንት የልትሲን ያመኑት በ1992 ነው። ሶቪየት ኅብረት የ1972ቱን የባዮሎጂያዊ መሣሪያ ክልከላ ስምምነት ከፈረሙት አንዷ ነበረች። ፊርማ ብቻውን ጋሻ እንደማይሆን ለኢትዮጵያዊ አይነገረውም፤ ፋሺስት ኢጣሊያም የመርዝ ጋዝ ያዘነበችብን የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል አጽድቃ ሳለ ነው።

ጎረቤታችንንም እንይ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ካርቱም ውስጥ ተዋጊዎች የአገሪቱን የሕዝብ ጤና ቤተ ሙከራ ያዙ፤ ሠራተኞቹ ወጡ። የኩፍኝ፣ የፖሊዮና የኮሌራ ናሙናዎች ውስጥ ነበሩና የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ ባዮሎጂያዊ አደጋ አለ ብሎ አስጠነቀቀ። እዚያ የተራቀቀ የጀርም ፋብሪካ አልነበረም። በሽተኛ ለማከም የተሠራ ተራ ቤተ ሙከራ ጠባቂ ሲያጣ ለአካባቢው ሁሉ ስጋት ሆነ። ቫይረስ ደግሞ መተማ ላይ ፓስፖርት አያሳይም።

እንግዲህ ምን ይሁን? እኔ የጦር አማካሪ አይደለሁም። ግን ከተማውን ከበሽታ መጠበቅ የሚጀምረው የአዛውንቱን ጥያቄ ከመመለስ ይመስለኛል። በሽታ ያመለከተ ገበሬ ለሚቀበራት ላም ካሣ ይቆረጥለት። ናሙናው ሰበታ ደርሶ ሲመረመር ውጤቱ ለገበሬው ይነገረው፤ ከብቱን የገደለው ምን እንደሆነ ማወቅ መብቱ ነው። የየቀበሌው የእንስሳት ጤና ጣቢያ ክትባቱን የሚያቆይበት ማቀዝቀዣና መብራት ይኑረው። «ገንዘቡስ ከየት?» ለሚለኝ፣ የአንድ ላም ዋጋ ውድ የሚሆነው ከምን ጋር ሲነጻጸር እንደሆነ ክፉ ቀንን ይጠይቅ እለዋለሁ።

እኛ ከተሜዎችስ? የዶሮ ወጡ አልበቃ ብሎን ለበዓል ቅርጫ ስንገባ «በሬው ቆሞ ነው የታረደው ወይስ ወድቆ? ሐኪምስ አይቶታል?» ብለን እንጠይቅ። የጎረቤት ፊት ይጠቁር ይሆናል፤ ግድ የለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረታችን ለታማሚው ብቻ የተነገረ አይደለም። ላሙ የሞተችበትን ገበሬ በኪሣራ አስፈራርተን ዝም ካሰኘነው፣ ደባቂዎቹ እኛው ነን።