ለሳነቴ ብርድ ምን እንልበስ? ምን እንያዝ?



«ሳፋሪ» የሚለው ቃል የፈረንጅ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን ከስዋሂሊ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ሥሩ የዐረብኛው «ሰፈር»፣ ማለትም ጉዞ ነው። ዛሬ የዱር እንስሳትን ለማየት የሚደረግ ጉዞ በዚህ ስም ይጠራል። ሳፋሪ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሙቀት፣ አቧራና ሰፊ ባርኔጣ ነው። በብርድ ወራት ወደ ባሌ ተራሮች የሚወጣ ሰው ግን ይህን ሐሳብ ከቤቱ ትቶት ቢሄድ ይሻለዋል።

በ2010 ዓ.ም ጥር ወር፣ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት፣ አሥራ አራት ተማሪዎችን ይዤ ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሄጄ ነበር። ከጉዞው አስቀድሞ ወፍራም ሹራብ፣ ጃኬት፣ ጓንት፣ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲና ቦት ጫማ እንዲይዙ ዝርዝሩን በወረቀት ጽፌ ለእያንዳንዱ ተማሪ አደልኩ። በዚህም ኃላፊነቴን የተወጣሁ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን ዲንሾ አካባቢ፣ በጋይሳይ ሜዳ አሳለፍን። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማይገኘውን የደጋ አጋዘን በመንጋ አየን። ፀሐዩ ጠንካራ ስለነበር ልጆቹ ሹራባቸውን እያወለቁ ወገባቸው ላይ አሠሩ። «ኡስታዝ፣ ብርዱ የታለ?» እያሉም ቀለዱብኝ።

መልሱ የመጣው በማግሥቱ ነው። ጎባ አድረን፣ የሱብሒን ሶላት ሰግደን፣ ገና ሳይነጋ ወደ ሳነቴ አምባ ወጣን። ሳነቴ አብዛኛው ክፍሉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4000 ሜትር በላይ ነው። በላዩ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4377 ሜትር ይደርሳል። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ ወደ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። በዚያ ላይ በጋ ነው ብለን የምንዘናጋባቸው ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር በባሌ አናት ላይ እጅግ ቀዝቃዛ ሌሊቶች የሚያልፉባቸው ወራት ናቸው። ሰማዩ ከደመና የጠራ ስለሆነ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት የሚያግድላት ሳይኖር ሌሊት ትለቀዋለች። መለኪያው ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ሣሩም አመዳይ ለብሶ ያድራል።

በዚያ ነጭ ሣር ላይ ቀይ ቀበሮ ስትሄድ አየን። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 የማይበልጡ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላዩ የሚኖሩት በባሌ ነው። ይህች ፍጥረት ሌሊቱን ሜዳ ላይ ተጠቅልላ፣ አፍንጫዋን ከጅራቷ ሥር ሸጉጣ ታድራለች። ጌታዋ ልብሷን ከላይዋ ላይ አድርጎላታል። እኛ ግን ልብሳችንን ይዘን መምጣት ነበረብን።

ፀሐይ ስትወጣ አመዳዩ ቀልጦ ውኃ ሆነ። ከተማሪዎቹ አንዱ ወደ ኋላ እየቀረ መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የለበሰው ከጥጥ ካናቴራ በላይ አንዲት ስስ ሹራብ ነበር፤ የተጫማው ሸራ ጫማም በውኃ ርሷል። «በርዶሃል?» ብለው «አይ፣ ኡስታዝ» አለኝ። ነገር ግን ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ምላሱም ተሳሰረ። መኪናው ሩቅ ስለነበር ደነገጥኩ።

አስጎብኚያችን የነበሩት አረጋዊ የባሌ ሰው ግን አልደነገጡም። ልጁን ነፋስ ከማይደርስበት ቋጥኝ ጀርባ አስቀመጡት። እርጥቡን ካናቴራ፣ ጫማና ካልሲ አስወለቁት። የራሳቸውን ደረቅ ካልሲ አውልቀው አጠለቁለት፤ በካፖርታቸውም ጠቀለሉት። ከፔርሙሳቸው ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ቀድተው በዝግታ እንዲጠጣ አደረጉ። እግሩን በእጄ ማሸት ብጀምር «ተው፣ በኃይል አይታሽም» ብለው ከለከሉኝ። ብዙም ሳይቆይ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ እንደ ቀድሞው መናገር ጀመረ።

ስንመለስ ለብቻዬ ጠርተው «ልጄ፣ ወረቀቱን ሰጠሃቸው። ያለው ይዞ መጣ፤ የሌለው ዝም ብሎ መጣ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ወደ ባሌ የሚሄዱ ቤተሰቦችና ወጣቶች ሲጠይቁኝ የምመክረው እንደሚከተለው ነው።

አንድ ከባድ ካፖርት ብቻ ከመልበስ ሦስት ልብስ መደራረብ ይሻላል። በደርቦቹ መካከል ያለው አየር ሙቀት ይይዛል፤ ፀሐይ ሲወጣም አንድ በአንድ ይወልቃል። ለሰውነት የሚቀርበው ጥጥ ባይሆን መልካም ነው፤ ጥጥ በላብ ወይም በውኃ ከራሰ ሙቀት ይነጥቃልና። መካከለኛው የሱፍ ሹራብ፣ ላይኛው ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ይሁን። ጋቢያችንም አይቀር፤ ቦታው ግን ማታ ከእሳት ዳር እንጂ እርጥብ ሜዳ ላይ አይደለም።

ጫማው ውኃ የማያስገባና አስቀድሞ እግር የለመደው ይሁን። አንድ ጥንድ ደረቅ ካልሲ በፌስታል ታስሮ ሁልጊዜ ከቦርሳ አይጥፋ። እህቶች ከሂጃባቸው ሥር ስስ የሱፍ ኮፍያ፣ ከቀሚሳቸው ሥር ደግሞ የሱፍ ሱሪ ቢያደርጉ ይመቻቸዋል። ምድር የሚጠርግ ቀሚስ ግን አመዳዩን ጠጥቶ ይከብዳል።

ብርዱ እያለ ፀሐዩ ያቃጥላልና ባርኔጣ፣ የፀሐይ መነጽርና ለከንፈር ቫዝሊን ያዙ። አየሩ ስስ ስለሆነ በዝግታ ተራመዱ፤ ውኃም ጠጡ። ራስ ምታቱ የሚበረታበት ሰው ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይውረድ።

ለውዱእ የሚሆን ሙቅ ውኃ በፔርሙስ መያዝ ትልቅ እረፍት ነው። መንገደኛ ንጹሕ ሆኖ የለበሰውን የቆዳ ኹፍ ሦስት ቀን ከነሌሊቱ ማበስ ይፈቀድለታል። ስለ ካልሲ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት ስላላቸው ከጉዞው በፊት የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። ከመስገጃው ሥር የሚነጠፍ ላስቲክም አትርሱ።

የመጨረሻው ዕቃ በዚያ ወረቀት ላይ ያልጻፍኩት ነው። ዛሬ ተማሪ ይዤ ስወጣ አንድ ትርፍ ሻንጣ አዘጋጃለሁ። ከሰልባጅ ተራ በርካሽ የገዛኋቸው ሹራቦች፣ ካልሲዎችና ጓንቶች አሉበት። ሻንጣውን ከመነሳታችን በፊት፣ ገና ጨለማ ሳለ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ከፍቼ አስቀምጠውና «የሚጎድለው ካለ ይውሰድ» ብዬ ወደ ውጭ እወጣለሁ። ማን እንደወሰደ አላይም፤ አልጠይቅምም።

የባሌ ተራሮች በ2016 ዓ.ም መስከረም ወር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሄዳችሁ እዩዋቸው። ሻንጣችሁን ስታሰናዱ ግን የራሳችሁን ብርድ ብቻ አታስቡ። «አይበርደኝም» ለሚለው ወንድማችሁ ወይም እህታችሁም አንድ ሹራብ ጨምሩ።

አላህ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ። ወሰላም።