ስለ ቢላዋ መሰብሰብና በዱር ስለ መዘዋወር

በገዳሪፍ በኖርንባቸው ዓመታት ሁለት ነገር እንወድ ነበር፤ አንዱ ቢላዋ መሰብሰብ፣ ሁለተኛውም በዱር መዘዋወር ነው። ደመወዛችን ግን ለሁለቱ አይበቃም ነበርና ጩቤ የገዛንበት ወር መንገድ ሳንወጣ ያልፍ ነበር።

በከሰላ ገበያ ቀጥቃጮቹ ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ ሰይፍ ሲያወጡ ቆሞ የተመለከተ ሰው ባዶ እጁን መመለስ ይቸግረዋል። እኛም የቤጃውን ቆልማማ ጩቤና የአፋሩን ጊሌ ጨምሮ 13 ስለት በሳጥን አኑረን፣ በየእሑዱ ዘይት እየቀባን እንወለውል ነበር። ባለቤታችን፦ «ከነዚህ ሁሉ ሽንኩርት የሚከትፍልኝ የትኛው ነው?» ብትል መልስ አልነበረንም።

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1861 እ.ኤ.አ. ወደዚያ አገር መጥቶ፣ የሐምራን አዳኞች በሰቲት ወንዝ አጠገብ ዝሆንን በሰይፍ ሲጥሉ አይቶ ጽፏል። አንዱ ፈረሰኛ ዝሆኑን ከፊት ያስቆጣዋል፤ ሌላው ከኋላ ደርሶ የእግሩን ጅማት ይቆርጣል። የዚያ ሰይፍ ብረት ከጀርመን አገር ከዞሊንገን የመጣ ነበር፤ ባለቤቱም እንደ ምላጭ ይስለው የነበረው ሕይወቱ በስለቱ ላይ ስለ ነበረ ነው እንጂ ለጌጥ አልነበረም። እኛ ይህን ስናነብ ያማረን፣ እናፍርበታለን፣ ሰይፉ ነበር።

በሱዳን ጦርነቱ በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ከመጀመሩ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በአንድ የታኅሣሥ ወር ወደ መፋዛ ሄድን። በክረምት መኪና የሚውጠው ጥቁሩ መረሬ በዚያን ጊዜ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በአገራችን ሽንፋ የሚባለው የረሀድ ወንዝ በበጋ ፈሰሱ ተቋርጦ ኩሬ ኩሬ ይሆናል፤ ፍየሎችም ከኩሬው ይጠጣሉ። መንገድ የመሩን ሽማግሌ የፍየሎቹ ጌታ ነበሩ። ከግራ ክንዳቸው፣ ከክርናቸው በላይ፣ በጠፍር የታሰረች ቢላዋ አለች፤ ከመሳል ብዛት ስለቷ ሳስቶ እንደ ቅጠል ሆኗል። በእርሷ ቅርንጫፍ ቆረጡ፤ በእርሷም ከእግራችን እሾህ አወጡልን።

«አባቴ፣ ይሽጡልን» አልናቸው።

«ልጄ፣ ምን ትቆርጥባታለህ?»

«ከሌሎቹ ጋር እናስቀምጣታለን።»

ሽማግሌው ሳቁ። ይሁን እንጂ ያን ዓመት እህል ተወዶ ነበርና ገንዘቡን ተቀበሉ።

ስንመለስ አንድ ግልገል አንገቷ በገመድ ተጠምዶ ስትንፈራገጥ አገኘናት። ሽማግሌው ሮጠው ደረሱና ቀኝ እጃቸውን ወደ ግራ ክንዳቸው ሰደዱ፤ እጃቸው ባዶ ቆዳ ዳሰሰ። ቢላዋይቱን ፈጥነን ሰጠናቸው፤ ገመዱ ተቆረጠ፤ ግልገሏም ተነሣች። እሳቸው ግን ስለቱን በልብሳቸው ጠርገው፣ በእጀታዋ በኩል አዙረው በአክብሮት መለሱልን። «አባቴ፣ ለእርስዎ ትሁን» ማለት ይገባን ነበር። አላልንም፤ ተቀበልናት።

አሁን የምንኖረው በጎንደር ነው። 13ቱን ስለት ሸጠናል፤ ገንዘቡም ከልጆቻችን ጋር ለመንገድ ሆነ። ያችን አንዷን ግን መሸጥ አልቻልንም። ወደ አንገረብ ወንዝ ስንወርድ በኪሳችን እንይዛታለን፤ ልጆቹም ሸንኮራ ይልጡባታል።