እንጀራ በስኳር? ጅግጅጋ ላይ ጉድ ሆንኩላችሁ!

መቼም ያለ በርበሬ ምግብ አይወርድልኝም የምትሉ የአዲስ አበባ ልጆች አትጠፉም። እኔም ከናንተው ወገን ነበርኩ። ይቺን ስሙኝማ!

ከካምፓስ ጓደኛዬ ጋር ወደ ቤተሰቦቹ፣ ወደ ጅግጅጋ ሄድን። ከሐረር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባቢሌ ላይ ለውዝ ገዝተን፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተቆለሉትን ድንጋዮች እያየን፣ ካራማራን አልፈን ማታ ገባን።

ጠዋት ስነሳ እናቱ ለሆህ ይጋግራሉ። እሱ “ሆዮ” ይላቸዋል፤ እኔም “ሆዮ” አልኳቸው። እኛ ሊጡን ከዳር ወደ መሃል አይደል የምናዞረው? እሳቸው መሃል ላይ አፍስሰው፣ በጭልፋው ጀርባ እያዞሩ ወደ ዳር ያሰፉታል። ዓይን አለው፤ ግን ከእንጀራችን አነስ ይላል። ደስ ብሎኝ ወጡን ስጠብቅ... የሰሊጥ ዘይት አፈሰሱበት። በዘይቱ ላይ ስኳር ነሰነሱበት! ከጎኑ ሄልና ቀረፋ የሸተተ ሻይ።

ሳቄ አመለጠኝ። “ሆዮ፣ በርበሬ የለም እንዴ?”

ዝም አሉ። ከዚያ ትንሿን ልጃቸውን ጠርተው በሶማልኛ የሆነ ነገር አሏት፤ እየሮጠች ወጣች። ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ “ጎረቤት ወጥ እንድትለምን ልካት ነው። ያቀረብኩለት አልበቃውም ብላ አፍራለች” አለኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ! ልጅቷ ሳትመለስ ሦስት ለሆህ ጠቅልዬ ጎረስኩ። አራተኛውን ግን በይሉኝታ አልነበረም፤ ጣፍጦኝ ነው። ሆዮም ሳቁ።

ደግሞስ በምን አፌ ነው የሳቅኩት? ወለጋ በቅቤና በበርበሬ የሚታሸውን ጨጨብሳ እኛ ሸገር ላይ ማር እናፈስበት የለም? ፈጢራስ? ሞሮኮዎችም ባግሪር የሚሉት ዓይናማ ቂጣ አላቸው፤ በቅቤና በማር ነው የሚበሉት። እንግሊዞች ፓንኬካቸው ላይ ስኳር ነስንሰው ሎሚ ይጨምቁበታል።

እናላችሁ ወደዚያ የምትሄዱ፣ በተለይ አማት ልትተዋወቁ የምትሄዱ፣ መጀመሪያ ጉረሱ፤ ጥያቄው ይደርሳል። በቀኝ እጃችሁ ደግሞ!

አዲስ አበባ ስመለስ ቤት ባለው የጤፍ እንጀራ ሞከርኩት። አይሆንም! ለሆህ ብዙ ጊዜ በስንዴ ወይም በማሽላ ዱቄት ተቦክቶ ሌሊቱን ነው የሚያድረው። የኛ ግን ቀናት ቆይቶ ስለሚኮመጥጥ ከስኳሩ ጋር ተጣላብኝ። እህቴ አይታኝ፣ “አሞሃል እንዴ?” ብላ ሰሃኑን አነሳችብኝ።