አውሮፕላን በሞዴል 19

የታሪካዊ ጦር አውሮፕላን ሙዚየም የአስተዳደር ኃላፊ ሥራ የሚጀምረው ከመዝገብ ነው። መብረር ያቆመ አውሮፕላን ንብረት ነው፤ ንብረት ደግሞ ገቢ ይሆናል፣ ቁጥር ይወጣለታል፣ ተረካቢ ይፈርምበታል። በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት የንብረት ገቢ ደረሰኝ የሆነው ሞዴል 19 ያልተቆረጠለት ዕቃ፣ ክንፉ ግቢውን ቢሞላ እንኳ፣ በወረቀት ላይ የለም።

ወደዚህ ወንበር የሚደርሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አብራሪም መካኒክም አይደለም። ከመዝገብ ቤት ወይም ከዕቃ ግምጃ ቤት ተነስቶ በሰው ኃይልና በበጀት በኩል ያልፋል። ከሞተር ይልቅ ደብዳቤ ያውቃል። ያም ሆኖ አንዳንድ ነገር የግድ ይማራል። የድሮ አውሮፕላን ክንፍ ሸራ ስለሆነ ፀሐይ ይበላዋል፤ መጋረጃ ግዢ ይጠየቃል። ጎማው ለዓመታት በአንድ ጎን ቆሞ እንዳይጨፈለቅ አውሮፕላኑ በድጋፍ ይነሳል። በጨለማ የሚያበሩ የጥንት መለኪያዎች ቀለም ራዲየም ሊኖረው ስለሚችል እንደ ተራ ሰዓት አይፈቱም። የጄት አብራሪ መወርወሪያ ወንበርም ፈንጂው መውጣቱ በጽሑፍ ሳይረጋገጥ ጎብኚ አጠገቡ አይደርስም። ፊርማው የኃላፊው ነው።

መዝገቡ ከብረትና ከሸራ ያለፈም ይይዛል። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25፣ ኢትዮጵያ ገባ። ዓመት ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት፣ የዛሬውን ደቡብ ጎንደር ይጨምር የነበረው የበጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ወድቀው ጦራቸው ተበተነ። የማዕከላዊው መንግሥት አውሮፕላኖች ቦምብ ብቻ አልነበረም የጣሉት፤ ራስ ጉግሣን የሚከተል እንደሚወገዝ የሚያስጠነቅቅ ወረቀትም በትነዋል። ለሙዚየም እንዲህ ያለ ወረቀት አንድ ቅጂ ከአንድ ሞተር አያንስም፤ ግን ሞተር ክብደት ስላለው ይመዘገባል፣ ወረቀት ፋይል ውስጥ ይረሳል።

ርክክብ ድንበር ሲሻገር ሥራው ይከብዳል። ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው አውሮፕላን በ1928 ዓ.ም. በጣልያን ወራሪ ተወሰደች። በኋላ ከሮም ሰሜን፣ በብራቻኖ ሐይቅ ዳር፣ ቪኛ ዲ ቫሌ ባለው የአየር ኃይል ሙዚየም ቆይታ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመለሰች። ርክክቡን መሪዎች አበሰሩት፤ ሰው ግን ፎቶውን እንጂ ሰነዱን አያይም። በየዘመኑ የአንድ አዳራሽ ቁልፍ የያዘ፣ የአንድ ዕቃ ቁጥር የጻፈ ጸሐፊ ባይኖር የሚመለስ ነገር አይገኝም ነበር። ይህ ወራሪውን አያመሰግነውም፤ የጸሐፊውን ሥራ ግን ያሳያል። ጉዞው በሌላ አቅጣጫም ሆኗል፦ ኢትዮጵያ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከካናዳ ከገዛቻቸው ፋየርፍላይ አውሮፕላኖች የተወሰኑት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለሙዚየም ተብለው ወደ ካናዳ ተመልሰዋል።

የኃላፊው ሥራ የሚያበቃውም በቆጠራ ነው። ጡረታ ሲደርስ መዝገቡ ይከፈታል፣ ተተኪው እየተከተለ እያንዳንዱን ቁጥር ከዕቃው ጋር ያነጻጽራል፤ የፕሮፔለር መሸፈኛ ሳይቀር። የጎደለ ካለ ክሊራንስ አይፈረምም።