ወር ስንት ቀን ነው?

እኛ ፕሮግራም መጻፍ የምንማር ተማሪዎች «ሁለት የጊዜ ርዝመቶች እኩል መሆናቸውን አረጋግጡ» ስንባል ፈገግ እንላለን። ምን ችግር አለው? 60 ደቂቃ ያው 1 ሰዓት ነው። እዚህ ቦንጋ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ብንማር፣ ፈረንጁ ያንኑ ከ9 እስከ 3 ቢለውም፣ የተማርነው ያው 6 ሰዓት ነው።

ጣጣው የሚመጣው ወር ሲገባ ነው። 1 ወር ከ30 ቀን ጋር እኩል ነው? የፈረንጅ ወር ከ28 እስከ 31 ቀን ስለሚሆን «የቱ ወር?» ተብሎ ይጠየቃል። የጃቫ ቋንቋ «ዱሬሽን» በሚለው ዓይነት 24 ሰዓትንና 1 ቀንን እኩል ይላል፤ «ፒሪየድ» በሚለው ግን 1 ወርንና 30 ቀንን እኩል አይልም። ሳይመነዝር ወርን ከወር፣ ቀንን ከቀን ብቻ ያስተያያልና።

«የኛ ወር እኮ ሁልጊዜ 30 ነው» የሚል አይጠፋም። እንዴ፣ ጳጉሜንስ? ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 1 ስንት ወር ነው? በደመወዝተኛው አፍ 1 ወር፤ በካላንደሩ ቁጥር 2 ወር፤ በቀን ሲቆጠር በ2015 ዓ.ም. 36፣ በ2016 ዓ.ም. 35 ቀን።

ነገሩ የክፍል እንቆቅልሽ ብቻ አይደለም። በከፋ አንድ የቡና መጋዘን ሁለት ዘበኞች አሉት እንበል፤ አንዱ በወር፣ ሌላው በቀን ሒሳብ የተቀጠረ። ሁለቱም ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን 5 አንድም ሌሊት ሳያጓድሉ ጠበቁ። ባለቀኑ የ365 ቀን ይከፈለዋል፤ ባለወሩ 12 ጊዜ። «1 ወር = 30 ቀን» ብሎ የጻፈ ፕሮግራመር የባለወሩን አገልግሎት 360 ቀን ያደርገዋል። ታዲያ እነዚያን 5 ሌሊቶች ማን ጠበቃቸው? የወር ደመወዙ ጳጉሜንንም ይጨምራል ተብለው ተስማምተው ከሆነ መልካም፤ ያ የሰዎች ውል ነው። የአገልግሎት ዘመኑን ግን የእኩል ምልክት ሊያሳጥርበት አይገባም።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ ቀንን በቀንነቱ፣ ወርን በወርነቱ እንመዝግብ። አወዳድሩ ስንባል መነሻው ቀንና ካላንደሩ የቱ እንደሆነ እንጠይቅ። መነሻ ከሌለ ፕሮግራማችን «አይወሰንም» ብሎ ይመልስ። ይህ ስንፍና አይደለም፤ የኤክስ ኤም ኤል ደንብም 1 ወርንና 30 ቀንን የማይወሰኑ ብሎ ይተዋቸዋል። ከሐሰተኛ «እኩል ነው» ይልቅ እውነተኛ «አይወሰንም» ይሻላል፤ በተለይ በዚያ ሒሳብ ደመወዙን የሚጠብቅ ሰው ካለ።