ሽሽሽ የሚለው ካሴት

እ.ኤ.አ. በ1981 በለንደኑ ኒው ክሮስ የተሰባሰቡት ቴስት ዲፓርትመንቶች ሙዚቃቸውን የሠሩት ከወዳደቀ ብረት ነው፤ ያገኙትን ይቀጠቅጣሉ። አልበሞቻቸውን ማግኘት አይከብድም። እኔን ወራት ያንከራተተኝ ለጆን ፒል የቢቢሲ ሬዲዮ ፕሮግራም ስቱዲዮ ገብተው የቀዱት ነው። የፒል ቅጂዎች ባብዛኛው በአንድ ቀን ያልቁ ስለነበር ጥድፊያቸው ደስ ይለኛል።

በመጨረሻ የደረሰኝ አንድ አድማጭ ያኔ ከሬዲዮ በካሴት የቀዳው ነው። ሽሽሽ ይላል። ፒል አፉን ሊከፍት ሲል፣ ቋ! ካሴት ቆጣቢ ሰውዬ (ማን ይፈርድበታል?)። ጓደኛዬ «ሽሽታውን በሶፍትዌር አጥፋው» አለኝ። እምቢ አልኩ፤ እሱ ሲጠፋ የብረቱ ስለትም አብሮ ይሄዳል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ የካሴቱ ጀርባ ገና ወደ ኮምፒውተር አልተገለበጠም፤ ክሩ ደግሞ አርጅቷል። ባለቤቱ «ቅዳሜ» ብሎኛል። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ ግን አልነገረኝም።