የአንዲት ካፕሱል ዘር ማንዘር

ጉራጌ ሲተዋወቅ በስም አያቆምም። የማን ልጅ ነሽ? ከየትኛው ቤት? ቸሃ ነሽ እዣ? በእናትሽስ? እየተባለ ዝምድና እስኪገኝ ድረስ ይቆፈራል፤ አብዛኛውን ጊዜም ይገኛል። እኔ በአባቴ ቸሃ፣ በእናቴ መስቃን ነኝ። ያደግሁት ወልቂጤ፣ ክረምቱን የማሳልፈው ቡታጅራ አያቴ ቤት ስለሆነ ጥያቄው ከሁለት በኩል ሲደርሰኝ ኖሯል። ስለዚህ ለብጉሬ የታዘዘችልኝን ካፕሱል መዋጥ ስጀምር እሷንም "የማን ልጅ ነሽ?" ማለቴ ከአስተዳደጌ ነው።

ብጉር ስል ለሰርግ ፎቶ አንድ ቀን ሲቀር ግንባር ላይ ብቅ የምትለዋን ማለቴ አይደለም። የእኔው ከቆዳ ሥር የሚቋጠር፣ ለረጅም ጊዜ የማይፈርጥ፣ ሲፈርጥም ጠባሳ ትቶ የሚሄድ፣ ጉንጭን ሲጨርስ ወደ ጀርባና ደረት የሚወርድ ዓይነት ነበር። በጎን መተኛት ያማል። የቦርሳ ማንገቻ ያማል። ከሁሉም የሚያደክመው ግን ምክሩ ነው። ሆድህን ቢያምህ ማንም አያይም፤ ፊትህ ላይ ሲሆን ግን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። ወልቂጤ ገበያ ቲማቲም የምትመዝንልኝ ሴትዮ ሚዛኑን ይዛ "እህቴ፣ እሬት አትቀቢም?" ትላለች። የጎረቤታችን ልጅ ማር በሎሚ አለች። ሌላዋ ፌጦ አለች፤ ፌጦው አቃጠለኝ። ቁርስ ሳይቀመስ ጠዋት በምራቅ ማሸትን ያዘዙልኝ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው፤ ምናልባት አንድ ቦታ ተምረው ይሆናል። አያቴ ደግሞ ለጋ ቅቤ አናቴ ላይ ትጭናለች፤ እሱ ፀሐይ ሲነካው ቀልጦ ግንባሬ ላይ ይወርድና የቆዳውን ቀዳዳ ይደፍናል። "ቅቤማ ምን ያደርጋል? ቅቤ እኮ ነው!" ነበር መልሷ።

ሁሉም የሚስማሙበት አንድ መድኃኒት ነበር፦ "ስታገቢ ይጠፋል።" ይህን አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የሰፈራችን ሌላ መፍትሔ በትንሽ ቱቦ የሚሸጠው የስቴሮይድ ቅባት ነው። ከሻምፖና ከጥፍር ቀለም ጎን ተደርድሮ የሚገኝበት ሱቅ አይጠፋም። ጎረቤቴ ተቀብታው ፊቷ በቀናት ውስጥ ጠራ፤ ሰፈሩ ሁሉ አድራሻ ጠየቃት። ስታቆም ግን ቆዳዋ ሳስቶ፣ ቀልቶ፣ ከበፊቱ የባሰ ብጉር አወጣ። ቅባቱ እብጠቱን ያስተኛዋል እንጂ አይፈውስም፤ ሲቆይም ራሱ ብጉር ያወጣል። የእሷን ፊት አይቼ እኔ ወደ ቆዳ ሐኪም ሄድኩ።

ከወልቂጤ ለሚነሳ ሰው የቆዳ ሐኪም መንገድ ላይ ነው ማለት ይቻላል። የጅማው መንገድ በዓለም ገና አድርጎ፣ አየር ጤናን አልፎ ከተማ ሲገባ አለርት እዚያው ነው። አለርት በፈረንጆች 1965 የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ሆኖ የተቋቋመ፣ ዛሬ ለአገሪቱ የቆዳ ሕክምና ዋነኛ ከሆኑት ቦታዎች አንዱ የሆነ ሆስፒታል ነው። ችግሩ የሰፈሩ ስም ነው። ሚኒባስ ውስጥ "ዘነበወርቅ ወራጅ አለ!" ብላችሁ ጩኹና የተሳፋሪውን አንገት ተመልከቱ። እናቴ ጎኔ ተቀምጣ፣ ለማንም ሳትናገር ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ "ለብጉር ነው፣ ለብጉር!" አለች። ሥጋ ደዌ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ከሆነ ስንት ዘመኑ፤ አንገቱ ግን ገና ይዞራል።

ሐኪሟ ጀርባዬን አየች፣ ጠባሳዎቹን ቆጠረች፣ ከዚህ በፊት የወሰድኳቸውን የዶክሲሳይክሊን ክኒኖች ጠየቀች፣ ክብደቴን አስመዘነች። ከዚያ ድምፅዋን ሳትቀንስ "ለማርገዝ ታስቢያለሽ?" አለችኝ። እናቴ አጠገቤ ናት። ክፍሉ ውስጥ ከእኛ ሌላ አንዲት ተማሪ ሐኪምና አንድ ወንበር ነበሩ፤ እናቴ ወንበሩን መረጠች፣ እሱን ማየት ጀመረች። "አላገባሁም" አልኩ። "እሱን አልጠየቅሁሽም" አለችና ያዘዘችልኝን ስም ጻፈች፦ አይሶትሬቲኖይን። ብዙ ሰው በድሮው የንግድ ስሙ ሮአኩቴን ወይም አኩቴን ይለዋል። መጠኑ በክብደት ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊግራም፣ በጠቅላላው ሕክምና ደግሞ ከ120 እስከ 150 ሚሊግራም እስኪደርስ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በትንሹ 7,200 ሚሊግራም ይውጣል ማለት ነው። በየወሩ የእርግዝና ምርመራ አለ፤ የጉበትና የደም ቅባትም ይታያል። "ከቅባት ምግብ ጋር ውሰጂው" ስትል እናቴ ከወንበሩ ላይ ዓይኗን አነሳች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታውቀው ነገር ተነገራት።

እንግዲህ ዘሯን ልቁጠር። የካፕሱሏ አያት ቫይታሚን ኤ ነው፤ እሱ ደግሞ የተገኘው ቅቤ ውስጥ ነው። በፈረንጆች 1913 ኤልመር ማኮለምና ማርጌሪት ዴቪስ የሚባሉ የዊስኮንሲን ተመራማሪዎች አይጦችን ሲመግቡ፣ የአሳማ ስብ ወይም የወይራ ዘይት የበሉት እድገታቸው ቆመ፤ ከቅቤና ከእንቁላል አስኳል የወጣ ስብ ሲጨመርላቸው ማደግ ቀጠሉ። ቅቤው ውስጥ ያለው ነገር ኋላ ቫይታሚን ኤ ተባለ። ይህን ለአያቴ ስነግራት አይጦቹን ከመናቅ በቀር አልተደነቀችም። ቅቤ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ዊስኮንሲን መሄድ ለምን እንዳስፈለገ አልገባትም።

በቤተሰቡ ውስጥ አንድ የሚፈራ ታሪክም አለ። በ1597 የሆላንዱ መርከበኛ ዊለም ባረንትስና ባልደረቦቹ ኖቫያ ዜምልያ ደሴት ላይ በበረዶ ተይዘው ክረምቱን ካሳለፉ በኋላ የነጭ ድብ ጉበት በሉ። ታመሙ፤ ሦስቱ እጅግ ባሰባቸው፣ ቆዳቸውም ከራስ እስከ እግር ተላጠ። ከመካከላቸው የነበረው ጌሪት ደ ቬር ይህን መዝግቦ አቆየ። ጉበቱ ውስጥ የነበረው መርዝ ምን እንደሆነ በውል የተረጋገጠው በ1943 ሮዳልና ሙር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሲለኩት ነው፤ ያው ቫይታሚን ኤ ነበር፣ ከልክ ያለፈ። ሲያንስ ዓይን ያጠፋል፣ ሲበዛ ቆዳ ይገፋል። ቆዳ ላይ እንዲህ የሚያዝ ነገር ከተገኘ ደግሞ የቆዳ ሐኪም ዝም ብሎ አያልፈውም።

የካፕሱሏን እህት፣ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃታል። ጤና ኬላ ላይ ለሕፃናት በየስድስት ወሩ ጫፏ ተቆርጦ አፍ ውስጥ የምትጨመቀው፣ ከዓመት በታች ላሉት ሰማያዊዋ፣ ከዓመት በላይ ላሉት ቀይዋ የቫይታሚን ኤ ካፕሱል፣ እሷ ናት። አንዷ እህት የሕፃናትን ዓይን ለማዳን ቀበሌ ለቀበሌ ስትዞር፣ ሌላዋ የስዊዘርላንዱ ሮሽ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ አደገች። ብጉር ላይ ምን እንደምትሠራ የታየው ግን አሜሪካ ውስጥ ነው። ጋሪ ፔክና ባልደረቦቹ በ1979 ሌላ መድኃኒት ሁሉ እምቢ ያላቸውን 14 ሰዎች አክመው የ13ቱ ቆዳ ሙሉ በሙሉ እንደጠራ ጻፉ። ከሁሉም የሚገርመው መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ብጉሩ ለረጅም ጊዜ አለመመለሱ ነው፤ ወዝ የሚያመነጩትን ዕጢዎች ያኮማትራቸዋልና። በ1982 አሜሪካ ፈቃድ ሰጠች።

የሚያስፈራው ወዲያው ተከተለ። ማኅፀን ውስጥ ያለ ፅንስ ሲሠራ ጆሮ የት፣ ልብ እንዴት፣ አንጎል በየት እንደሚሆን ለሴሎች ትእዛዝ ከሚያደርሱት አንዱ ከቫይታሚን ኤ የሚወጣ አሲድ ነው። ካፕሱሏ የዚያው አሲድ መንታ ናት ማለት ይቻላል። ስለዚህ እርጉዝ ሴት ስትውጣት ትእዛዙ ይደበላለቃል። በ1985 የታተመ አንድ ጥናት መድኃኒቱ የደረሰባቸውን 154 እርግዝናዎች ተከታትሎ ነበር፤ ከነሱ 21 ሕፃናት ጆሯቸው፣ ፊታቸው፣ ልባቸው ወይም አንጎላቸው ተጎድቶ ተወለዱ። አብዛኞቹ እርግዝናዎች ደግሞ እስከ መውለድ አልደረሱም። አሜሪካኖች ከ2006 ጀምሮ ሐኪሙም፣ ታካሚውም፣ ፋርማሲውም ካልተመዘገበ የማይሰጥበት ሥርዓት ዘረጉ። እንግዲህ ሐኪሟ ፊት ለፊት የጠየቀችኝ ጥያቄ ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዞ የመጣ ነው። እናቴ ግን ስትመለስ እስከ ወሊሶ ድረስ "ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?" ስትል ነበር።

የወሩ ምርመራ ወልቂጤ ነበር። ላቦራቶሪ ውስጥ ያለው ልጅ ስሜን ሲመዘግብ "የማን ልጅ ነሽ?" አለና ቆፍሮ ቆፍሮ የአባቴ የአጎት ልጅ ሚስት ወንድም ሆኖ ተገኘ። በዚያው ሳምንት አክስቴ ቡታጅራ ሆና ደውላ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ጤናዬ ከጠየቀች በኋላ "ላቦራቶሪ ምን ትሠሪያለሽ?" አለችኝ። ለብጉር ነው ብላት ማን ያምናል? ለብጉር ሽንት አይሰጥም። ወልቂጤና ቡታጅራ በዞን ከተለያዩ በኋላም ወሬ የሚሄድበት መንገድ አልተከፈለም።

አወሳሰዱ ለእኛ አገር ሰው የተሠራ ይመስላል። ካፕሱሏ ባዶ ሆድ ላይ ስትወሰድ ሰውነት የሚቀበለው ከቅባት ጋር ሲወስድ ከሚቀበለው ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። እናቴ ይህን እንደ ሰማች ክትፎው፣ ጎመን ክትፎው፣ በቅቤ የራሰ ቆጮ ሁሉ የሕክምናው አካል ሆነ። ሆኖም ያው መድኃኒት የደም ቅባትን ከፍ ያደርጋል። አንድ ወር ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ "ቅባት ያልኩሽ እኮ አንድ እንቁላልም ይሆናል" አለች። እናቴ ይህን እንዳልሰማች ሆነች።

መጀመሪያ ባሰብኝ። እንደሚብስ ተነግሮኝ ነበር፤ ቢሆንም የመስቀል ሰሞን ሆነና አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ሁሉ አገሩ ገብቶ አንድ በአንድ ፊቴን መረመረ። "መድኃኒት ጀምራ እንዲህ ሆነች" የሚለው ወሬ ከደመራው ጭስ ቀድሞ ደረሰ። ከዚያ ከንፈሬ ተሰነጠቀ፣ አፍንጫዬ ደማ፣ ዓይኔ ደረቀ፣ ፀሐይ ጠላቴ ሆነ። አያቴ እዚህ ላይ አሸነፈች፦ ከአናቴ የተባረረው ቅቤ ለከንፈሬ ተፈቀደ። ጠጅና አረቄ ተከለከልኩ፤ ጉበት ስለሚጎዱ። የቫይታሚን ኤ ክኒንም እንዲሁ።

ስለ ስሜቴም ሐኪሟ በየጊዜው ትጠይቅ ነበር፤ መድኃኒቱ ድባቴ ያመጣል የሚል ማስጠንቀቂያ አለውና። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም፤ ከባድ ብጉር ራሱ ሰውን ስለሚያስከፋ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ መለየት ያስቸግራል። ሐኪሟ ስለ ስሜቴ እንደምትጠይቀኝ ለአያቴ ስነግራት አልገረማትም። ቡታጅራ እንዲህ ያለ ጠያቂ ብርቅ አይደለም። በፈረንጆች ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ጋር ሆኖ ዘጠኝ የገጠር ቀበሌና አንድ የከተማ ቀበሌ ይዞ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ እያለ ቤት ለቤት ሲመዘግብ ኖሯል። ኋላም ለከባድ የአእምሮ ሕመም ጥናት በአካባቢው 68,378 ሰዎች ተጠይቀዋል። "እኛን ጠይቀው ጠይቀው ነው እናንተ ጋ የመጡት" አለች አያቴ።

ወራት ሲያልፉ ፊቴ ጠራ። ጠባሳው ቀረ፤ ቋጠሮው ግን የለም። ቲማቲም የምትመዝንልኝ ሴትዮ "እሬቱ ሠራ አይደል?" አለችኝ። ምን ልበላት? ሠራ አልኳት።

ከዚያ የአክስቴ ልጅ መጣች። ሰርጓ ጥር ላይ ነው፤ አገጯ ላይ ጥቂት ብጉር አላት። "የተረፈሽን ስጪኝ፣ ለፎቶ ብቻ" አለች። ስታገቢ ይጠፋል የተባለው ነገር ሳታገባ እንዲጠፋላት ፈልጋ ነው። አስቡት፦ በጥር የምታገባ ልጅ፣ በየካቲት "ምን አዲስ ነገር አለ?" ተብላ የምትጠየቅ ልጅ፣ ካፕሱሏን ያለ ምርመራ ያለ ሐኪም ልትውጥ ነው። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ እንኳ ቢያንስ አንድ ወር ሳይቆይ ማርገዝ አይፈቀድም። አልሰጠኋትም። አኮረፈች፤ አክስቴም በሷ በኩል አኮረፈች። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄዳ የሚቀባ ጄል ታዘዘላት፤ ለሷ ብጉር እሱ በቂ ነበር።

የእኔ ማሸጊያ ላይ ሆዷ የገፋ ሴት ሥዕል በክብ ውስጥ ተሰርዛ አለች። ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ለአክስቴ ልጅ ማሸጊያውን ባሳያት ኖሮ "ውፍረት ይቀንሳል" ብላ ትረዳው ነበር። ስለዚህ ወልቂጤም ቡታጅራም ፋርማሲ የምትሠሩ እህት ወንድሞቼ፣ ይህን ካፕሱል ያለ ማዘዣ የጠየቀችውን መልሷት፤ ማዘዣ ይዛ የመጣችውንም ሥዕሉ ምን ማለት እንደሆነ በአማርኛ፣ በጉራግኛ፣ በሚገባት ሁሉ ንገሯትና እርጉዝ መሆን አለመሆኗን ጠይቋት። እናቷ አጠገቧ ብትኖርም ጠይቋት። በተለይ በጥር።